የሁለት አዳር ጓዝ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ባኮ ድረስ የሚሄድ ሰው ብዙ አይደለም። የበቆሎ ነጋዴ ካልሆነ ወይም መንግሥት ካልመደበው በስተቀር፣ የእኛ ከተማ ሰው አዲስ አበባ ከደረሰ ጉዞው አልቋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ባለቤቴ ገመቹ የባኮ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ከተጋባን ጀምሮ አገሩን የማውቀው በፎቶ ነው። እንሂድ ባለኝ ቁጥር «ሙቀት አልችልም» እለዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዘመዶቹ ከፊቴ በፊት ሆዴን እያዩ ሰላም እንዳይሉኝ ሰግቼ ነው። ልጅ አልወለድንም። ሐኪም ቤቱንም ጸበሉንም አዳርሼዋለሁ፤ ስለሱ ማውራት ሰልችቶኛል።

በመጨረሻ የሄድኩት ልጅ ልቀበል ነው። የገመቹ አጎት ልጅ ጫልቱ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ሴት ልጅ ወለደች። አባትየው ማን እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ ወረቀት የሌላት ሆነች። እመቤቲቱ ደግሞ «ወይ ልጅሽን ወይ ሥራሽን» አለች። ጫልቱ ለገመቹ ደውላ «አንተና ሚስትህ በጉዲፈቻ ውሰዱልኝ» ብላ አለቀሰች። ጉዲፈቻ እነሱ አገር በማኅተም ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የልጁ ዘመዶች ተሰብስበው፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሰጪው ሰጥቶ ተቀባዩ ሲቀበል ነው። ስለዚህ ልጅቷን ከቦሌ ወስደን መጀመሪያ አያቶቿ ደጅ ማድረስ ነበረብን። ጊዜው በጋ ነው፤ ኮሮና የሚባል ነገር ገና አልተሰማም። «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብለን ስንጠይቅ «ሰሞኑን ሰላም ነው» ተባልን፤ ተነሳን።

የመጀመሪያው ቀን

ልጅቷን ይዛት የመጣችው ሴት እሷም ተመላሽ ናት። የራሷን ሻንጣ እየጎተተች፣ የራሷን ዘመዶች በዓይኗ እየፈለገች፣ የልጅቷን እጅ ገመቹ እጅ ውስጥ አስገባችው። «ሉሉ ነው የምትባለው። አማርኛ አትችልም። ቦርሳዋን ብቻ እንዳትነኩባት፤ አውሮፕላን ውስጥ እንኳ አላወለቀችም» አለችን። ወዲያው ሕዝቡ መሀል ገባች። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም።

ሉሉ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የድመት ሥዕል ያለበት ትንሽ ቦርሳ በሁለቱም ትከሻዋ አንግታለች። እኔ በእጄ የሠራሁላትን የሱፍ ሹራብ ይዤ ተንበርክኬ ሳቅኩላት። እሷ እንደ ኢሚግሬሽን ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝና ፊቷን አዞረች። ገመቹ ግን «ኮቱ» ሲላት፣ ነይ ማለቱ ነው፣ ወዲያው ተከተለችው። እናቷ ከኦሮምኛ ያስተማረቻት ነይ፣ ብዪና ተኚ የሚሉትን ብቻ ነበር። ታክሲ ውስጥ እኔም «ኮቱ» አልኳት። ቀና ብላ ገመቹን አየችው። ቅናት እንዲህ በጠዋቱ ይጀምረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አስኮ መናኸሪያ ረዳቱ ቦርሳውን ጣሪያው ላይ ልጫነው ብሎ እጁን ሰደደ። ልጅቷ የጮኸችው ጩኸት ሚኒባሱን ሙሉ ሰው አስነሳው። አንዲት ሴትዮ እየቆነጠጥናት መስሏቸው እኔን ተቆጡኝ። ረዳቱ ራሱ ደንግጦ «ይቅር፣ ይቅር፣ ታቅፈው» አለ። አላቀፈችውም፤ እንዳነገተችው ተቀመጠች። ቦርሳው ወደ ፊት ስለሚገፋት ወንበሩን መደገፍ አልቻለችም፤ አምቦ እስክንደርስ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ሄደች።

ቡራዩን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን አለፍን። አገሩ ለዓይን ይመቻል። የእኛ አገር ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያግደው የለም። እዚህ ግን ኮረብታ አለ፣ ባህር ዛፍ አለ፣ ጊንጪ ሲቃረብ ደግሞ የጭልሞ ደን በቀኝ በኩል ጥቁር ሆኖ ይታያል። ገመቹ በጣቱ ሊያሳየኝ ሲሞክር ልጅቷ አስመለሳት። ያን ሁሉ ክረምት የሠራሁት ሹራብ እሱኑ ተቀበለ።

ሚኒባሱ ጊንጪ ላይ ቆመልን። መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት ሥራዋን ትታ፣ ውሃ በጄሪካን ይዛ መጥታ፣ የልጅቷን ፊትና እጅ አጠበች፤ ጫማዋን ሳይቀር አጠበችላት። እኛ ጋ ቢሆን መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠየቃል፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ ነው «ልጅሽ ናት?» ያለችኝ። «አዎ» አልኳት ፈጠን ብዬ። ሦስታችንንም እያቀያየረች አየችንና «አባቷን ቁርጥ ናት» አለች። ገመቹ ሳቀ። እኔ ሹራቡን ፌስታል ውስጥ እየጠቀጠቅኩ ነበር።

አምቦ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። በባጃጅ ሆነን ማደሪያ ስንፈልግ ዝናሽ የምትባል ሴት ፔንስዮን አገኘን። ግቢው ንጹሕ ነው፤ አልጋው ንጹሕ ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን የእኛ አገር ሰው ቢያየው ይስቃል። ምሳም እራትም የሚሆን ሽሮ በቲማቲም ቁርጥ አቀረበችልን። ለልጅቷ አምቦ ውሃ ብርጭቆ ላይ ቀዳችላት። ልጅቷ ጠጥታ አፍንጫዋን ሲነዝራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስም በዐረብኛ አንድ ነገር ተናገረች።

ዝናሽ ማሰሮውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ በዐረብኛ መለሰችላት። ብዙ ዓመት ቤይሩት ኖራ የመጣች ሴት ኖራለች። ልጅቷ እንደፈነዳ ቧንቧ ወሬዋን ለቀቀችው። ከጠዋት ጀምሮ አፏን የዘጋች ልጅ፣ በእጇ እያሳየች፣ እየቆመች እየተቀመጠች ታወራለች። እኔ ደስ ብሎኝ አያቸው ነበር። ዝናሽ መጀመሪያ አብራት ትስቃለች፤ ቆይታ ሳቋን ተወች፤ በመጨረሻም «እሺ፣ እሺ» ብቻ የምትል መሰለኝ።

ልጅቷ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ ዝናሽ ወደ እኛ ጠጋ አለች።

«ምን ብላችሁ ነው ያመጣችኋት?»

«እኛ ምንም አላልናትም፤ ቋንቋዋን መች እናውቃለን?» አላት ገመቹ።

«እናቷ ዘመድ ጠይቀሽ፣ ሁለት ሌሊት አድረሽ ትመለሻለሽ ብላታለች። ቦርሳው ውስጥ ያለው የሁለት አዳር ልብስ ነው። ራሷ ናት የከተተችው። ያላወለቀችው ስትመለስ እንዳትረሳው ብላ ነው።» ዝናሽ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ልንገራት ወይ?»

«እንዳትነግሪያት» አልኩ። ገመቹ ዞሮ ልጅቷ የሄደችበትን አየ። እኔ ቀጠልኩ፦ «ዛሬ ገና የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ቤታችን እንድረስ፣ ትልመደን፣ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች።»

ዝናሽ አልተቆጣችም። «እኔ እዚያ ሁለት የሰው ልጆች አሳድጌ ነው የመጣሁት፣ እህቴ። ስወጣ ገበያ ደርሼ መጣሁ ብዬ ነው የተውኳቸው። እመቤቲቱ ናት እንዲህ በያቸው ያለችኝ፤ ይረሱሽ የለ ወይ ብላ» አለች። ማሰሮዋን ይዛ ሄደች። እንደ ሰደበችኝ ነው የቆጠርኩት።

ሉሉ ቦርሳዋን እንዳነገተች በጎኗ ተኛች።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ልጅቷ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። አንድ ጣቷን አሳየችኝ። ገባኝ። አንዱ ሌሊት አለፈ ማለቷ ነው። ምን እንደማደርግ ጨነቀኝና እኔም አንድ ጣቴን አሳየኋት። ፊቷ በራ። የሚገባው ሰው አገኘች። ከዚያ በኋላ ነው እጄን የያዘችው፤ እስከ መናኸሪያው ድረስም አልለቀቀችኝም። ስንት ዓመት የተመኘሁት እጅ በውሸት ተያዘልኝ።

ከአምቦ ጉደርን አልፎ መንገዱ ይወጣል። ጌዶ ላይ ብርዱ እንደ ቤቴ ተቀበለኝ፤ ሰውም እንደኛ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። እዚያው ብንቀር ደስ ባለኝ። ከጌዶ ወዲያ ግን መንገዱ መውረድ ጀመረ፤ ባኮ ስንገባ የለበስኩት ሁሉ ገላዬ ላይ ተጣብቋል። በቆሎው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ ከባድ መኪናዎች አስፋልቱ ዳር ተደርድረዋል፤ ማንጎው በየግቢው ነው። በእኛ አገር አንድ ፍሬ ማንጎ ገዝተን ለአራት እንካፈላለን፤ እዚህ ከዛፉ ሥር ወድቆ ከብት ይረግጠዋል።

የልጅቷ አያት ኦቦ ዋቅጅራ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጴንጤ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ልጅቷን አዩአት እንጂ አልነኳትም። ሴት አያቷ አዴ ኩሊኔ ግን ከቦርሳው ጋር አንስተው አቀፏት። አንገቷ ሥር ፊታቸውን ቀብረው ብዙ ቆዩ። የሴት ልጃቸውን ሽታ እየፈለጉ እንደሆነ ለመረዳት ኦሮምኛ ማወቅ አያስፈልግም ነበር። ልጅቷም እንደ ጨዋ እንግዳ ታገሠቻቸው።

ሆዴን ያየ ሰው የለም። በዚህ በኩል ስማቸውን በከንቱ ሳጠፋ ኖሬያለሁ። ጩምቦ የሚሉትን በቅቤና በአይብ የራሰ ወፍራም ቂጣ አቀረቡልኝ፤ ቅቤው ክርኔ ድረስ ወረደ። እኛ ቤት ያን ያህል ቅቤ ሁለት በዓል ያወጣል። ስበላ አዴ ኩሊኔ በማያውቁት አማርኛ «ብዪ፣ የኔ ልጅ፣ ብዪ» እያሉ አጠገቤ ተቀመጡ። ጎረቤት እየመጣ ልጅቷን ይስማል። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥሩነታቸው ግን እኔን ቸኮል ቸኮል አደረገኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ ይመርቁ፣ ከሰዓት መኪና ይገኝ፣ ልጅቷን ይዤ ወደ ብርዴ ልመለስ። ሌላ አልፈለግኩም።

ሦስተኛው ቀን

ከሁሉም በፊት የተነሳችው እሷ ናት። ጫማዋን አጥልቃ፣ ፀጉሯን በውሃ አስተኝታ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ መድረክ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ሁለት ጣቷን አሳየችኝ። በዚህኛው ጊዜ እጄን ማንሳት አቃተኝ። ውሃ የምፈልግ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። መጀመሪያ በቅቤ ተከራከሩ። በደንቡ ልጅቷ አናቷን ቅቤ ትቀባለች፤ ኦቦ ዋቅጅራ ደግሞ በጸሎት እንጂ በቅቤ አይሆንም አሉ። ኦቦ ፉፋ የሚባሉት ዋናው ሽማግሌ ጴንጤም አይደሉም፣ ቸኳይም አይደሉም። ክርክሩ ረዘመ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ነገር ሳይነሳ ቀኑ በቅቤ ይለቅ ብዬ ነው። በመጨረሻ ጸሎቱም ቅቤውም ይሁን ተባለ። እኔና ገመቹን አስቀመጡን፤ ለምለም ሣር አስያዙን። ከዚያ ኦቦ ፉፋ በሩ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አይተው ገመቹን አንድ ነገር ጠየቁት። ገመቹ አንገቱን ደፋ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ልጅቷ ታውቃለች ወይ አሉ።»

ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ሕፃን ናት እኮ፣ ምን ታውቃለች?» አልኩ በአማርኛ።

ኦቦ ፉፋ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። «አዴ ብርቄ፣ ሕፃን ስለሆነች ነው የጠየቅሁት» አሉኝ። «ጉዲፈቻ ልጅ የሚወጣበትንም የሚገባበትንም ቤት አውቆ ነው። እኛ ዘንድ የጉዲፈቻ ልጅ እናቱን ያውቃል፣ ይጠይቃል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሳታውቅ ከወሰዳችኋት ይሄ ስርቆት ነው፤ እኔ ደግሞ ሌባ አልመርቅም።»

«ስትለምደን እንነግራታለን።»

«የዋሸቻት እናቷ ናት፤ የምትነግራትም እናቷ ናት። ደውሉ።»

ገመቹ መልእክት ላከ። ጫልቱ «አሁን አልችልም፤ እመቤቲቱ ከምሳ በኋላ ስትተኛ እደውላለሁ» ብላ መለሰች። ኦቦ ፉፋ ይሄ ሲነበብላቸው «እንጠብቃለና» አሉ። አንድም ሰው ከቦታው አልተነሳም። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ባኮ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቤይሩት ያለች አንዲት ሴት ሸለብ እስኪያደርጋት ጠበቀ። የስልኩ ኔትወርክ ደግሞ የሚይዘው ከከብቶቹ በረት አጠገብ ብቻ ነው፤ አግዳሚውን ተሸክመው፣ እኔን ጨምሮ፣ ሁላችንም እበቱ አጠገብ ሄደን ተቀመጥን። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን እመቤቲቱ እንቅልፍ እንዳይወስዳት በልቤ ስለምን ነው የዋልኩት።

ስልኩ ጠራ። ገመቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለልጅቷ ሰጣት። ጫልቱ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ቤቱ እንዳይሰማ መሆን አለበት። ልጅቷ ድምፁን ስትሰማ ተነስታ ቆመች። ሳቀች። ፈጠን ፈጠን እያለች ተናገረችና ሁለት ጣቷን ለስልኩ አሳየችው። ስልኩ አያያትም።

ከዚያ ወዲያ ጫልቱ ዝም አለች። ዝምታዋ ሲበዛ ገመቹ ኔትወርኩ የሄደ መስሎት ስልኩን ሊያይ ጠጋ አለ። አልሄደም። ጫልቱ እንደገና ጀመረች፤ አሁን ቀስ ብላ፣ እያቋረጠች፣ ትንፋሿ እየተሰማን። ምን እንዳለቻት ማናችንም አናውቅም፤ የምናየው የልጅቷን ፊት ነው። ሳቁ ወዲያው አልጠፋም። የሚያደርገው እንደጠፋበት ሰው ፊቷ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቀ። አንድ ቃል ጠየቀች። እናቷ መለሰችላት። ያንኑ ቃል ደግማ ጠየቀች።

ኦቦ ዋቅጅራ ልጃቸውን ካናገሯት ዓመታት አልፈዋል ይባላል። ያኔ ድንገት ተነስተው እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። በዚያው ቅጽበት ከወዲያ በኩል የሌላ ሴት ጥሪ ተሰማ፤ ስልኩ ተዘጋ። ሽማግሌው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ወደ ሱሪ ኪሳቸው ከተቱት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ አቅፋት ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። ስልኩን ለገመቹ መለሰችለት። የቦርሳውን አንድ ማንገቻ ከትከሻዋ አወረደች፤ ቀጥላ ሌላውን። ማንገቻው የነበረበት ቦታ ቀሚሷ በላብ ርሶ ተጨማዷል። አዴ ኩሊኔ እጃቸውን ዘረጉላት። እሷ ግን በእሳቸው አልፋ፣ በገመቹ አልፋ፣ መጥታ ቦርሳውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ለምን ለእኔ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። አብሬያት ስቆጥር የነበርኩት እኔ ነኝ።

«አሁን» አሉ ኦቦ ፉፋ።

ጸሎቱ ተጸለየ፤ ቅቤው ተቀባ። ገመቹና እኔ ብትታመምም ብትድንም፣ ቢሞላም ቢጎድልም ልጃችን ናት ብለን በሰው ፊት ተናገርን። ያንን ቃል ስንት ዓመት ሳልመው እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሲወጣ ግን ዓይኔ ጉልበቴ ላይ ያለው ቦርሳ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ትክክል ሠሩ ይላል ገመቹ፤ እስካሁን ይላል። እኔ ግን ያን ፊት ያየሁ ሰው ነኝ፤ ትክክል ነው ለማለት አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

ማታ ልብሷን ልቀይርላት ቦርሳውን ከፈትኩ። አንድ ፒጃማ፣ ሁለት የውስጥ ሱሪ፣ አንድ ቀሚስ፣ የጥርስ ብሩሽ። ቀሚሱ በጥንቃቄ ታጥፏል፤ ለመመለሻው ቀን ያስቀመጠችው ነው።

አራተኛው ቀን

ስንመለስ ቦርሳውን እኔ ነኝ የያዝኩት። አዴ ኩሊኔ ማንጎ በማዳበሪያ ሞልተው ጫኑብን። ልጅቷ ወንበሩን ተደግፋ ሄደች፤ ስትመጣ በጠርዙ ላይ ነበር። ጌዶ ላይ ሲበርዳት ነጠላዬ ውስጥ አስገባኋት። ገባች። ሲያስገቧት የምትገባ፣ ሲያወጧት የምትወጣ ሆናለች። አንዴ «ኮቱ» ስላት መጣች፤ ደስ ግን አላለኝም።

ጨለማ ሳይመጣ አምቦ ገባን፤ እንደገና ዝናሽ ጋ አረፍን። ዝናሽ በሩ ላይ ተቀብላን መጀመሪያ ያየችው የልጅቷን ባዶ ትከሻ ነው፤ ቀጥሎ እኔ እጅ ላይ ያለውን ቦርሳ። ጎንበስ ብላ፣ ጉንጯን ይዛ፣ በዐረብኛ አናገረቻት። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

ልጅቷ ዐረብኛ ሰምቶ እንደማያውቅ ሰው አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ይቺ ሴትዮ ምን እያለችኝ ነው እንደሚል ሰው፣ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

ዝናሽ ሁለተኛ አልሞከረችም። ቀና ብላ ቁልፉን ሰጠችንና እራት ልታቀርብ ገባች።